ሃርኔዲ፣ ውጣ!

ኪልባራን፣ ኮርክ
ኖቬምበር 3 ቀን 1970

ለክቡር ፕሮፌሰር በርናርድ ሃርኔዲ፣

ይህች ወረቀት እርስዎንም ባለቤትዎንም በጤና ታግኛችሁ። እኛ እዚህ ከዝናቡ በቀር የሚያማርር ነገር የለብንም፤ ላሞቹም ደህና ናቸው፣ ክብሩ ለፈጣሪ ይሁን።

አያውቁኝም። ስሜ ሃኖራ ሃርኔዲ ነው፣ አገሩ ሁሉ ግን ኖኒ ነው የሚለኝ። የእርስዎ አያትና የእኔ አያት ወንድማማቾች ነበሩ። የእርስዎ ወደ ላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሄደ፣ የእኔ ከላሞቹ ጋር ቀረ። ይኸው የእናንተ ወገን ፕሮፌሰር አወጣ፣ የእኛ ወገን ደግሞ እኔን አወጣ።

ባለፈው ወር በሬዲዮ ሲናገሩ ሰማሁዎት። ስለ አየርላንድ ብሔርተኝነትና ስለ እንግሊዝ ግዛት ነበር። ግማሹ አልገባኝም፤ የድሮው የእንግሊዝ ጦር ወረቀት ለንደን ውስጥ ለተመራማሪ ተከፍቷል ያሉት ግን በደንብ ገባኝ። የምጽፍልዎም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1921 በሜይ ወር፣ አንድ ማለዳ ላም በሚታለብበት ሰዓት፣ ልጆቹ ወደ ግቢያችን መጡ። «ልጆቹ» የምለው ከእንግሊዝ ጋር ይዋጉ የነበሩትን የእኛኑ ሰዎች ነው፤ እዚህ ሌላ ስም የላቸውም። «ሃርኔዲ፣ ውጣ!» ብለው ጠሩ። አጎቴ ታይግ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ረግረጉ ውስጥ ተገኘ፣ ደረቱ ላይ «ሰላይ» የሚል ካርቶን ተሰክቶበት። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሁለት ልጆች ጎተራ ውስጥ ተኝተው ሳለ እንግሊዞች ከበው ገድለዋቸው ነበርና የነገረ ሰው መኖሩ እውነት ነው። ታይግ ነገረ የሚለውን ግን አልቀበልም። እሱ ራሱ የልጆቹን መልእክት ያመላልስ ነበር።

እኔ የተወለድኩት ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ነው፤ እናቴ አባቴን ያገባችው ከሩቅ ስለመጣችና ወሬውን ስላልሰማች ነው። አባቴ ዴኒስ የታይግ ታናሽ ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ከጎኑ ሰው አይቀመጥም። እኔንም ሊያገባኝ ያሰበ ሰው ነበር። እናቱ «የሰላይ ዘር በቤቴ?» አለች፣ በዚያው ቀረ። አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ይሄን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፣ ነገሩ የማን ጉዳይ እንደሆነ እንዲያውቁት ነው።

በመጪው ጁላይ የተኩስ አቁሙ ሀምሳኛ ዓመት ይከበራል። መስቀለኛው መንገድ ላይ ዘጠኝ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ሊያቆሙ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ መምህር ኮቨኒ በወተት ማስረከቢያው ሰልፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከእንግሊዞቹ ወረቀት ታይግን ነጻ የሚያወጣ ነገር ካመጣሽ አሥረኛ አድርገን እናስቀርጸዋለን» አለኝ። ሊያሾፍብኝ ይሆናል። በሰው ፊት ተናግሯልና እይዘዋለሁ።

የምደብቅዎ ነገር እንዳይኖር አንድ ልጨምር። በዚያ ጸደይ ታይግ እንደ ወትሮው አልነበረም ይላሉ። ምግብ ትቶ፣ ብቻውን እያወራ በረግረጉ ዳር ሲመላለስ ይውል ነበር። ሰው የጠረጠረውም በዚህ ነው። አባትሽን ለምን አትጠይቂውም እንዳይሉኝ ደግሞ፣ አባቴ በእንግሊዙ ንጉሥ ጦር መድፈኛ ሆኖ ሜሶፖታሚያ ዘምቷል፣ ጆሮውም እዚያው ቀርቷል። ከዘመቻ ሲመለስ በግማሽ ይሰማ ነበር፤ አሁን ምንም አይሰማም። የምፈልገውን በወረቀት እጽፍለታለሁ። ስለ ታይግ ስጽፍለት ወረቀቱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል።

ለአጎቴ የምትሆን አንዲት መስመር ይፈልጉልኝ። እመቤታችን ከመንገድዎ እንቅፋቱን ታንሳልዎ።

የማያውቁት ዘመድዎ፣
ኖኒ ሃርኔዲ


ኖቬምበር 28 ቀን 1970

ለውድ ዘመዴ ለኖኒ፣

ሰላምታዬ ለአንቺም ለአባትሽም ይድረስ። ደብዳቤሽ ከመጣ ጀምሮ በየቀኑ አነበዋለሁ፤ ባለቤቴ «ከማን ነው ይሄን ያህል?» እስክትለኝ ድረስ። መጀመሪያ ግን አንድ ልመና አለኝ። «እርስዎ» የሚለውን ለተማሪዎቼ ተዪላቸው። የአንድ ሰው የልጅ ልጅ ልጆች ነን፤ አንተ በይኝ።

አንቺ ሳታውቂው ያነሳሽው ነገር የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ነው። መጽሐፌ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ወንድም የንጉሡን ልብስ ለብሶ ሕንድንና ሜሶፖታሚያን ሲይዝ፣ ሌላው ንጉሡን ከአገሩ ሊያስወጣ ሲሸፍት፣ እነዚህ ሁለቱ ማታ አንድ ገበታ ላይ ምን ይነጋገሩ ነበር? የብሔርተኞቹ መጻሕፍት ስለ ሁለተኛው ብቻ ይዘምራሉ። የመጀመሪያውን ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ቤት የለም። ግዛቱ ግን በእኛ ሰዎች እጅ ነው የቆመው፣ በእኛ ሰዎች እጅም ነው የተሰነጠቀው።

ለገና ዕረፍት ለንደን እወርዳለሁ፣ የኮርክን ወረቀቶች አንድ በአንድ አያለሁ። እስከዚያ ስለ አባትሽ ጥቂት ንገሪኝ። በየትኛው ክፍል ነበር? ለምን ዘመተ? የወታደር ፎቶግራፉ ካለ ብትልኪልኝ እንደ ዓይኔ እጠብቀዋለሁ።

በፍቅር፣
በርናርድ


ዲሴምበር 14 ቀን 1970

ለወንድሜ ለበርናርድ፣

ልደቱ ለቤትህ ብርሃንና ሰላም ይዞ ይምጣ። «አንተ» ለማለት ብዕሬን ሦስት ጊዜ አነሳሁና አስቀመጥኩ። ይኸው ተጻፈ።

ዝይ ልኬልሃለሁ። አልጋዋ ገለባ ነው፣ አድራሻህን አንገቷ ላይ አስሬዋለሁ። ፖስታ ቤቱ ካዘገያት ከአፍንጫህ በፊት ጎረቤቶችህ ያውቃሉ።

ፎቶግራፉ እዚህ ውስጥ አለ። በየቤቱ ከምድጃው በላይ የሚሰቀለው የኢየሱስ ልብ ሥዕል አለ አይደል፣ አባቴ ከዚያ ፍሬም ጀርባ ሸጉጦት ኖሯል። ሥዕሉን ሳወርድ አይቶኛል። «ለምን ዘመትክ?» ብዬ ጻፍኩለት። «ጫማ ሰጡኝ» አለ፤ እሱ ሲናገር ከማዶ ሜዳ ላም የሚጠራ ነው የሚመስለው። አንተ በመጽሐፍህ ከዚህ የተሻለ ምክንያት እንደምታገኝለት አልጠራጠርም።

ድንጋይ ጠራቢው ስሞቹን በአፕሪል መጨረሻ ይፈልጋል። ለኮቨኒ «ፕሮፌሰሩ እየፈለገ ነው» ብዬዋለሁ። ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ከፊቱ ላይ ታወርድልኝ ዘንድ በየዕለቱ እጸልያለሁ፤ ኃጢአት ከሆነ ለአባ እናዘዘዋለሁ።

ኖኒ


ጃንዋሪ 16 ቀን 1971

ውድ ኖኒ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልሽ። ዝይዋ በሰላም ደርሳ በክብር ተበልታለች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

የሚቀጥለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ወረቀቱን አግኝቼዋለሁ። በአፕሪል 1921 የአካባቢው የጦር መረጃ መኮንን የጻፈው ነው። እንዲህ ይላል፦

«የኪልባራን ሰዎች ጎተራ ውስጥ እንደሚያድሩ የነገረን ሃርኔዲ ነው። ፖሊሱ እንደሚለው ሰውዬው ‹ቦዘርድ› ነው፤ ጠንቀቅ ብሎ መያዝ ያስፈልጋል።»

የመጀመሪያ ስሙን አልጻፈም። ቃሉን እንዳለ ያስቀመጥኩልሽ ግን ሁሉ ነገር በእሱ ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። የተጨነቀ፣ የተረበሸ ሰው ማለት ነው። አንቺ ራስሽ በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ታይግ በዚያ ጸደይ ተጨንቆ ምግብ መተዉን ጽፈሽልኛል። ሁለቱ ምስክሮች፣ የእንግሊዙ መኮንንና የኪልባራን ሰው፣ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ተናገሩ። ኖኒ፣ አዝናለሁ። ታይግ ነው። በመጽሐፌም እንዲህ ብዬ ከመጻፍ ሌላ ምርጫ የለኝም።

ከጠላሽኝ አልፈርድብሽም። ቢያንስ አሁን እውነቱን አወቅሽ።

በርናርድ


ማርች 10 ቀን 1971

ለበርናርድ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። የእናንተ አገር ፖስታ ሠራተኞች ከሰባት ሳምንት አድማ በኋላ ገና አሁን ወደ ሥራ መመለሳቸው ነው፤ ደብዳቤህ የገባው አድማው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ነው። መልስ መላክ ስላልቻልኩ ሰባት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል አቅፌ ከረምኩ። በእጄ ቢሆን ኖሮ በዚያኑ ቀን ስድብ ጽፌ እልክልህ ነበር። አሁን ስድቡ አልቆብኛል።

አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ስለ እኛ አገር አሥራ አንድ ዓመት ጽፈሃል። «ቦዘርድ» ማለት በእናንተ ዘንድ ሐሳብ የያዘው ሰው ነው። እዚህ ግን አያቶቻችን አይሪሽ ሲናገሩ ጆሮው የማይሰማን ሰው «ቦወር» ይሉት ነበር። በኋላ ቋንቋችን እንግሊዝኛ ሲሆን ቃሉ ልብሱን ቀይሮ ከእኛ ጋር ተሻገረ። በኪልባራን «ቦዘርድ» ማለት ደንቆሮ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ማንኛዋንም አሮጊት ብትጠይቅ ትነግርህ ነበር። ለመኮንኑ የነገረው የእኛው አገር ፖሊስ ነው፤ «ሃርኔዲ፣ ደንቆሮው» አለው። ጠንቀቅ ብላችሁ ያዙት ማለቱ ሰውዬው ስለማይሰማ ነው። እንግሊዙ የሰማውን ጻፈ፣ አንተ ደግሞ ከሀምሳ ዓመት በኋላ መጥተህ እንደ እንግሊዝ አነበብከው።

ታይግ ጆሮው እንደ ውሻ ነበር። በኪልባራን ደንቆሮ ሃርኔዲ አንድ ብቻ ነው የነበረው። አሁን ይሄን ስጽፍልህ ከፊቴ ተቀምጦ ድንች እየላጠ ነው።

ቃሉን ያነበብኩት ደጃፍ ላይ ፖስተኛው ቆሞ ስለ ዝናቡ ሲያወራኝ ነው። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «መቼ?» አለኝ፣ ደነገጠ። «ቆየ» አልኩት።

አንድ ሳምንት አለፈ። ከዚያ ከቁርስ በኋላ በሩን ዘጋሁና ቃሉን በቀን መቁጠሪያው ጀርባ ጽፌ ከፊቱ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን አድርጎ አየው። አወለቀው።

«ማን ነው የላከው?» ብሎ ጮኸ።

«በርናርድ» ብዬ ጻፍኩ።

«የላንክሻየሩ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ዳቦውን ገፋው። «ጎረቤት ጠይቆኝ አያውቅም» አለ። «የልጆቹ አዛዥ፣ ኮማንዳንቱ፣ አልጠየቀኝ፣ ቄሱ አልጠየቀኝ፣ እናትሽ እንኳ አልጠየቀችኝም። ደንቆሮን ማን ይጠይቃል?»

«ታይግ ያውቅ ነበር?» ብዬ ጻፍኩ።

«ከፋሲካ ጀምሮ። ሃርኔዲ ብለው ጠሩ። እኔ ላሟ ሥር ነበርኩ። አልሰማሁም። እሱ ሰማ» አለ።

«በእርግጥ አልሰማህም? ወይስ» ብዬ ሳልጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ሥር ስቦ ገለበጠው። «ሂጂ ላሟን እለቢ» አለኝ። ሄድኩ፣ አለብኳት። ምን ላድርግ?

እንግዲህ የታይግ ጭንቀት ምን እንደነበር አሁን ገባህ፤ ለራሱ አልነበረም። እኔ ሕይወቴን ሙሉ ታይግን ነጻ አወጣለሁ ስል ነበር። አባቴን አሳልፌ እንደምሰጥ ማንም አልነገረኝም። ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው። እጠላዋለሁ፣ ሾርባውንም አሞቅለታለሁ፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ጉልበትህን ይዤ እለምንሃለሁ። ለኮሚቴው «ወረቀቱ ታይግን አያመለክትም» ብለህ ጻፍልኝ። በዚያው ቁም። የቀረውን አባቴ ከሞተ በኋላ የፈለግከውን አድርግ። ሩቅ አይደለም።

ኖኒ


አፕሪል 2 ቀን 1971

ውድ ኖኒ፣

ደብዳቤሽን ኮቴን ሳላወልቅ፣ ቆሜ አነበብኩት። ሃያ አምስት ዓመት በዚህ ትምህርት ስኖር አንዲት የኩሽና ቃል አመለጠችኝ! ደንቆሮው እኔ ነበርኩ። የመጽሐፌ ሰባተኛ ምዕራፍ አሁን በዚህ ቃል ላይ ቆሟል። እስቲ አስቢው፦ ግዛቱ የገዛውን ሕዝብ ቋንቋ ባለማወቁ አንድ ሰው ስሙን አጣ፤ በግዛቱ ጦር ያገለገለው ወንድም ደግሞ በዚያው ቃል ተሸሸገ። ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኝም።

ልመናሽን አሰብኩበት። ግማሽ እውነት መጻፍ ግን አልችልም። «ታይግ አይደለም» ካልኩ «ታዲያ ማን?» ይሉኛል፣ «እንዴት አወቅክ?» ይሉኛል። ማስረጃ የሌለው ቃሌን ማንም ድንጋይ ላይ አይቀርጽልሽም።

የድንጋይ ጠራቢው ቀን ስለደረሰ፣ ፖስታውም ገና ስላልተስተካከለ፣ አንቺን ላለማድከም ለመምህር ኮቨኒ በቀጥታ ጽፌለታለሁ። የወረቀቱን ቅጂና የቃሉን ማብራሪያ አያይዣለሁ። በጨዋነት እንዲይዘው አደራ ብዬዋለሁ። ኖኒ፣ ታይግ ስሙን ያገኛል። የጠየቅሽኝም ይሄንኑ ነበር። አባትሽ ያለፈው ዘመን ሰው ነው፤ ሰዉም በዚያው ዓይን ያየዋል።

የአንቺው፣
በርናርድ


ጁላይ 19 ቀን 1971

በርናርድ፣

እንደምን አለህ አልልህም። ደህና እንደሆንክ አውቃለሁ።

ድንጋዩ ባለፈው ሳምንት እሁድ ተመረቀ። ባንድ ነበር፣ ባንዲራ ነበር፣ ያኔ የልጆቹ አዛዥ የነበረው ኮማንዳንት ሌሄን መጋረጃውን ገለጠው። ዘጠኝ ስም ነው ያለበት። ቆጠርኩት፤ ሁለት ጊዜ።

የላክህለትን ወረቀት ኮቨኒ በጨዋነት ነው የያዘው፣ አትስጋ። ለኮሚቴው ሰባት ሰዎች ብቻ አነበበላቸው። እነሱም ለሚስቶቻቸው ብቻ ነገሩ። ሰኞ ጠዋት ወተት ማስረከቢያው ጋ ስደርስ ከፊቴ የነበረው ጋሪ ሄደ፣ ከኋላዬ የነበረውም ወደ ኋላ ራቀ። ጎተራው ውስጥ ከተገደሉት ከሁለቱ ልጆች የአንደኛው እህት፣ አሁን ሰማንያ ሊሞላት ነው፣ መጥታ ፊቴ ቆመች። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም» አለችኝና ጫማዬ ላይ ተፋች።

ሌሄን ራሱ በጁን መጀመሪያ ወደ ግቢያችን መጣ። ከበሩ አላለፈም። ያኔ «ውጣ» ብሎ የጠራው እሱ መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር፤ እሱ ነው የነገረኝ።

«ስም ብቻ ነበር የተሰጠን» አለ። «ሃርኔዲ። አንዱ ወጣ። ‹ሃርኔዲ አንተ ነህ?› አልነው። ‹ነኝ› አለ። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።»

«ታዲያ ስሙን አስቀርጹለት፤ ምን ይከለክላችኋል?» አልኩት።

«ኖኒ፣ ዘጠኙን እንግሊዝ ገደላቸው፣ እንደዚያ ብለን ነው የምንጽፈው። አሥረኛውን ማን ገደለው ብዬ ላስቀርጽ?»

«እኔ ጽሑፉን እነግርዎታለሁ» አልኩት።

«እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው» አለኝ። «ትንሽ ታገሺኝ።» ሁሉም ትንሽ ታገሺኝ ይላል። ከዚያ በመስኮቱ አባቴን አየው። አባቴም አየው። ሁለቱም ባርኔጣቸውን ያነሳሉ ብዬ ነበር፣ አላነሱም።

አባቴ ቅዳሴ መሄዱን አልተወም። ከፊቱ ያለው አግዳሚም አሁን ባዶ ነው፣ ከእሱ ፊት ያለውም። እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ለምን እንደምቀመጥ አትጠይቀኝ።

የለመንኩህ ግማሽ ነበር። አንተ ሙሉውን ሰጠኸኝ፣ እነሱ ደግሞ ለታይግ የሚሆነውን ግማሽ ጥለው የአባቴን አስቀሩ። አሁንም አንድ የሚቀርህ ነገር አለ። መጽሐፉ ገና አልታተመም። አባቴን አውጣው። እንደ ዘመድ ነው የምጠይቅህ፤ ለመጨረሻ ጊዜ።

ኖኒ


ሴፕቴምበር 25 ቀን 1972

ውድ ኖኒ፣

ረጅም ዝምታዬን ይቅር በዪኝ። በምን አፌ እንደምጽፍልሽ አጥቼ ነበር። የአባትሽን ማረፍ በኮርክ ጋዜጣ አነበብኩ፤ እግዚአብሔር ነፍሱን ያሳርፍ፣ አንቺንም ያጽናሽ። መምጣት ነበረብኝ፣ ግን መጽሐፉ የሚወጣበት ሳምንት ሆነና አልቻልኩም።

መጽሐፉን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ስሙን እንዳልጻፍኩ ታያለሽ፤ «ዲ. ሃ.፣ የቀድሞ መድፈኛ፣ ኪልባራን» ብቻ ነው ያልኩት። ፎቶግራፉ ከገጽ 212 ፊት ለፊት አለ። በግርጌ ማስታወሻው ላይ ቃሉን የፈታችልኝ አንዲት የአገሩ ሴት መሆኗን በምስጋና ጽፌያለሁ። ምዕራፉ በጣም እየተወራለት ነው፣ ሁለተኛ እትምም ታስቧል።

ይህን መጠየቅ ከበደኝ፣ ግን ሥራዬ ነው። አባትሽ የተወው ጽሑፍ አለ? ደብዳቤ፣ ማስታወሻ፣ ቁራጭ ወረቀት? ለምን እንዳደረገው እኔ የጻፍኩት ግምቴን ነው። ከራሱ እጅ አንዲት መስመር ብትገኝ ለዚህ ትምህርት ዋጋ የማይተመንላት ነገር ትሆናለች።

ሁልጊዜ ዘመድሽ፣
በርናርድ


ኪልባራን
ኖቬምበር 6 ቀን 1972

ለክቡር ፕሮፌሰር በርናርድ ሃርኔዲ፣

ደብዳቤዎና መጽሐፍዎ ደርሰውኛል፤ ስለ ሐዘኑ ላሉት ቃል አመሰግናለሁ።

ያልመጡበትን ቀን ልንገርዎ፣ የታሪክ ሰው ነዎትና። እዚህ በልማዱ አስከሬኑን ከቤተ ክርስቲያን በር እስከ መቃብር ከሟቹ ጋር አንድ ስም ያላቸው አራት ወንዶች ይሸከሙታል። ሃርኔዲ የሚባል ወንድ ከእርስዎ በቀር በምድር ላይ የቀረ የለም። መቃብር የሚቆፍሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ ለአባቴ ግን ከከተማ ሁለት የቀን ሠራተኞች ናቸው የቆፈሩት። ተሸካሚ ስለጠፋ እነሱው አካፋቸውን አስቀምጠው ከፊት ያዙ፣ ከኋላ አባና እኔ ያዝን። አንደኛው ሠራተኛ «እመቤቴ፣ ሟቹ እንግዳ ነበሩ እንዴ?» አለኝ። የዚሁ አገር ሰው ነው አልኩት።

መጽሐፉን አነበብኩት። ገጽ 212ንም አነበብኩ። «ወታደሩ የግዛቱን ልብስ አወለቀ፣ ግዛቱ ግን ከውስጡ አልወለቀም» ይላል። ያምራል። ለተማሪዎችዎ ሲያነቡላቸው ዝም እንደሚሉ ይታየኛል። ግን እንደዚያ አይደለም። አጠገቡም አልደረሱም።

ጽሑፍ ትቶ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ትቷል። በመጨረሻው ጸደይ፣ ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው፣ እርሳስ አምጪልኝ አለ። አራት ቀን ፈጀበት። በቀን መቁጠሪያ ጀርባ ሦስት ገጽ ነው። ማን እንደቀረበው፣ ምን እንዳሉት፣ ምን እንደመለሰ፣ ለምን እንዳደረገው አለበት። ታይግ ከፋሲካ በኋላ ምን ብሎ እንደለመነው አለበት። በዚያች ማለዳ፣ ላሟ ሥር ሆኖ፣ ጥሪውን ሰምቶ እንደሆነም አለበት። እኔ ጽፌ ላልጨረስኳት ጥያቄ መልሱን በአንድ መስመር፣ በትልልቁ ነው የጻፈልኝ።

ሦስቱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል አጣጥፌ ከጸሎት መቁጠሪያው ጋር በደረት ኪሱ ከተትኩለት፣ ምስማሩም ተመታ። ለሌላ ሰው አላሳየሁትም፣ አልገለበጥኩትም፣ ለአባም አልነገርኩም።

ለምን እንዳደረገው አሁን እኔ አውቃለሁ። እርስዎ አያውቁም።

ሃኖራ ሃርኔዲ